ቢጫ ካርድ የሚቆጥር ሰው ያስፈልገናል

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር
የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ለሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች

ጉዳዩ፦ እግር ኳስን የተማሩ ወጣቶች በእግር ኳሱ ውስጥ ሥራ የሚያገኙበትን መንገድ ይመለከታል

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። በሳምንቱ ደግሞ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ረታና ሕዝቡ በደስታ አደባባይ ወጣ። ደስታው ሳይበርድ የፊፋ ምርመራ ወሬ ደረሰ። በማጣሪያው ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ አንድ ጨዋታ መቅረት የነበረበት ተጫዋች ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ ኖሯል። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ፤ ያሸነፍነው ጨዋታ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቆጠረ፤ ሦስት ነጥብም ሄደ። ቡድኑ የመጨረሻውን ጨዋታ አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰና ለናይጄሪያው ፍልሚያ በቃ እንጂ፣ አሥራ አንዱ ልጆች በላባቸው ያገኙትን ውጤት ወረቀት ላይ የተዘለለች አንዲት መስመር ልትበላው ምንም አልቀራትም ነበር።

ይህን የማነሳው ያኔ የተወቀሱትን ሰዎች ዛሬ እንደገና ለመውቀስ አይደለም። እኔን ከጥፋተኛው ይልቅ ካርድ የሚቆጥረው ሰው ወንበር ነው የሚያሳስበኝ። ሥራው እኮ ከባድ አይደለም። ጨዋታው ሲያልቅ የዳኛው ሪፖርት ይመጣል። ተጫዋቹ ማን ነው፣ ማሊያው ስንት ቁጥር ነው፣ ካርዱ በስንተኛው ደቂቃ ወጣ፣ ለምን ወጣ የሚለው በሰንጠረዥ ይገባል። ከዚያ የውድድሩ ደንብ ይገለጣል፤ ሁለተኛው ቢጫ ለየትኛው ጨዋታ እንደሚያስቀጣ፣ የቅጣቱ ቆጠራ የትኛው ዙር ላይ እንደሚሰረዝ ይታያል። ከቀጣዩ ጨዋታ በፊት በሚደረገው የቅድመ ጨዋታ ስብሰባ ላይ፣ የማሊያና የበረኛ ልብስ ቀለም ሲነገር፣ ያ ሰንጠረዥ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። አሠልጣኙ ስም ዝርዝሩን ሲያስገባ ይህ ሰውዬ ቀና ብሎ «ይኼኛው አይገባም» ይላል። በቃ፤ ሥራው ይኸው ነው። ግን ይህን ማለት ሥራዬ ነው ብሎ የሚቀመጥ፣ ደንቡን ያነበበ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ያስፈልጋል።

ስፖርት ሳይንስ ሳስተምር የቆየሁ መምህር ነኝ። በየዓመቱ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «መምህር፣ ተመርቀን ምን እንሆናለን?» መልሱን እነሱም ያውቁታል። ዕድለኛው የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኖ ይመደባል። ሌላው አዲስ አበባ ገብቶ ጂም ውስጥ ያሠለጥናል። ሁለቱም የተከበረ ሥራ ነው፤ አንዱንም አልንቅም። ግን እነዚህ ልጆች ወደ ዲፓርትመንቱ የገቡት ኳስ እያሰቡ ነው። የእንግሊዝን ሊግ የዝውውር ዜና ከእኔ በፊት ያውቃሉ፣ አሰላለፍ ይተነትናሉ፣ የጉዳት ታሪክ በቃላቸው ይዘዋል። ይህ ሁሉ ፍቅርና እውቀት አራት ዓመት ከተማሩ በኋላ ካፌ ተቀምጦ ከመከራከር አያልፍም። ክለቦቻችን ደግሞ በሌላው በኩል ሰው አጣን ይላሉ።

በዓለም እግር ኳስ ውስጥ ከኢትዮጵያ የወጣው ትልቁ ስም የማን ነው ቢባል፣ ሳላመነታ ይድነቃቸው ተሰማ እላለሁ። ኳስ ተጫውተዋል፤ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ባነሳው ቡድንም አሠልጣኝ ነበሩ። ስማቸው ከድንበር የተሻገረው ግን በቢሮ ሥራቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስካረፉበት እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍ) መርተዋል፤ አፓርታይድን ከእግር ኳስ መድረክ ውጪ ለማቆየት በተደረገው ትግል ድምፃቸው ጎልቶ ይሰማ ነበር። ደንብ የሚያነቡ፣ ስብሰባ የሚመሩ፣ የሚከራከሩ ሰው ነበሩ። አጥቂ አላፈራንም ብለን ስናዝን እንኖራለን፤ አስተዳዳሪ ማፍራት ማቆማችን ግን የሚያሳስበን አይመስልም።

ሌሎች አገሮች የእግር ኳስን ሥራ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲያስገቡት መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ መጀመሪያ ያተረፈው ሳቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የስታፈርድሻየር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኤሊስ ካሽሞር ዴቪድ ቤካምን እንደ ማኅበራዊ ክስተት የሚያጠና ትምህርት ሲያዘጋጁ ጋዜጦቹ ለሳምንታት መሳቂያ አደረጉት። ሊቨርፑል ከተማ ግን ከዚያ አስቀድማ ጉዳዩን ከልብ ይዛው ነበር። የመጀመሪያው የሳይንስና እግር ኳስ የዓለም ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1987 የተካሄደው እዚያው ነው፤ ከሥራው ጀርባ የነበሩትም ፕሮፌሰር ቶም ሬይሊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የሊቨርፑል ጆን ሙርስ ዩኒቨርሲቲ በሳይንስና እግር ኳስ የመጀመሪያ ዲግሪ መስጠት ጀመረ፤ ጎረቤቱ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በእግር ኳስ ኢንዱስትሪ ኤም.ቢ.ኤ. ከፈተ። አንዱ የተጫዋቹን ሳንባና ጡንቻ፣ ሌላው የክለቡን ሒሳብ መዝገብ ይዘው ተቀመጡ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን በርንሌይ ነው። ላንክሻየር ውስጥ ያለች፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ የተዘጉባት ትንሽ ከተማ ናት። ክለቧ እ.ኤ.አ. በ2011 ከፕሪሚየር ሊግ ወርዶ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ይጫወት ነበር። በዚያው ዓመት ተርፍ ሙር በተባለው ስታዲየሙ ውስጥ ዩ.ሲ.ኤፍ.ቢ. የተባለ፣ የእግር ኳስ ንግድን ብቻ የሚያስተምር ኮሌጅ ተከፈተ። ዲግሪውን የሚሰጠው ባኪንግሃምሻየር ኒው ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ዌምብሌይም ተስፋፋ። አስቡት፤ ተማሪው ማክሰኞ ስለ ቲኬት ሽያጭ ሌክቸር የሰማበት ሕንፃ ቅዳሜ በሰው ይሞላል። መምህሩ ስለ ደኅንነት ሲያወራ በሩን በጣቱ ማሳየት ይችላል። የክለቡ የፋይናንስ ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ ከተማሪው ጋር ኮሪደር ላይ ይገናኛል። ሥራ የሚገኘው እንግዲህ በዚያ ኮሪደር ነው። ዲግሪው ኮሪደሩ ድረስ የሚያስገባ የመግቢያ ካርድ ነው፤ ከዚያ ያለፈ አስማት የለውም።

ፊፋ ማስተር የሚባለውንም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ፣ ኒውሻቴል የሚገኘው ዓለም አቀፍ የስፖርት ጥናት ማዕከል የሚያስተባብረው የማስተርስ ፕሮግራም ነው። ተማሪው እንግሊዝ ሌስተር ላይ የስፖርት ታሪክ፣ ሚላን ላይ አስተዳደር፣ ስዊዘርላንድ ኒውሻቴል ላይ ሕግ ይማራል። የማንቸስተር ዩናይትዱ «ባለ ሦስት ሳንባ» ፓርክ ጂ ሱንግ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ እዚህ ገብቶ ተምሯል። ይኸው ማዕከል ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመሆን በካይሮ፣ በዳካርና በደቡብ አፍሪካም የስፖርት አስተዳደር ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል፤ ስለዚህ ነገሩ የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚል መከራከሪያ አያስኬድም።

ሞሪንሆንም ላንሳው፤ ተማሪዎቼ እሱ ካልተጠቀሰ አያምኑኝም። ጆዜ ሞሪንሆ ትልቅ ተጫዋች አልነበረም። ሊዝበን በሚገኘው የአካል ማጎልመሻ ከፍተኛ ተቋም ተማረ፤ ከዚያ ልክ እንደኛ ተመራቂዎች ትምህርት ቤት ገብቶ ሰውነት ማጎልመሻ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1992 ቦቢ ሮብሰን ወደ ስፖርቲንግ ሊዝበን ሲመጡ ቋንቋ የሚያስተረጉምላቸው ሰው ፈለጉ፤ ሞሪንሆ በአስተርጓሚነት ገባ። ሮብሰን ፖርቶ ሲሄዱ ሄደ፣ ባርሴሎና ሲሄዱ ሄደ። የተማረው ነገር አስተርጓሚ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር አደረገው። ይሁንና በሩ ባይከፈትለት ኖሮ ያ ሁሉ እውቀት ሴቱባል ውስጥ ከአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ባልወጣም ነበር።

አሁን ደግሞ ለራሴ ክርክር የማይመች ነገር ልንገራችሁ። በሊቨርፑል ክለብ የዳታ ክፍሉን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያደራጁት ዶክተር ኢያን ግራሃም በኬምብሪጅ የተማሩት ፊዚክስ ነው። አብረዋቸው የሠሩት ዊል ስፒርማንም የሃርቫርድ የፊዚክስ ዶክተር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 መሐመድ ሳላህ ከሮማ እንዲገዛ ከገፋፉት መካከል የግራሃም ክፍል ስሌት ይገኝበታል። ስለዚህ የእግር ኳስ ሥራ የግድ «እግር ኳስ» የሚል ዲግሪ አይጠይቅም። ሕግ የተማረ የኮንትራት ክርክር ይይዛል፤ አካውንቲንግ የተማረ የክለብ ሒሳብ ይሠራል፤ ጋዜጠኝነት የተማረች የክለብ ሚዲያ ትመራለች። እንግሊዝ ውስጥም ቢሆን ከነዚህ ኮሌጆች የሚመረቀው ሁሉ ክለብ ውስጥ ሥራ አያገኝም፤ ተወዳዳሪው ብዙ፣ ወንበሩ ጥቂት ነው። ይህን ለተማሪ ሳይነግሩ የስታዲየም ፎቶ ለጥፎ ክፍያ መሰብሰብ ደግነት አይደለም።

ስለዚህ ክቡራን የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች፣ እባካችሁ አዲስ ዲፓርትመንት አትክፈቱ። ልማዳችንን አውቀዋለሁ። ነገሩ ጥሩ ይመስልና ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ካሪኩለም ይቀረጻል፣ ወርክሾፕ ተደርጎ አበል ይከፈላል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ረጅም ስም ያለው ዲግሪ ይወጣል፤ ተመራቂው ግን ያው የጂም በር ላይ ይቆማል። ባሕር ዳር የስፖርት አካዳሚ አለ። ኮተቤ መምህራንን ሲያፈራ ኖሯል። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያ ሁሉም ስፖርት ሳይንስ ያስተምራሉ። ክፍሉ አለ፤ ኮሪደሩ ነው የጠፋው።

አንድ ተማሪዬ ያጋጠመውን ልንገራችሁ። የተግባር ልምምድ ጊዜው ሲደርስ የትብብር ደብዳቤ ጻፍንለት፣ ማኅተም መታንለት። ልጁ ላፕቶፑን ይዞ ወደ አንድ ክለብ ጽሕፈት ቤት ሄደ። በራሱ ፍላጎት የዚያን ክለብ ጨዋታዎች ከቴሌቪዥን እየቀዳ፣ ቡድኑ ከማዕዘን ምት የተቆጠሩበትን ጎሎች ለይቶ፣ ተከላካዮቹ የት እንደቆሙ በቀስት አሳይቶ በአጭር ቪዲዮ አዘጋጅቶ ነበር። ጥበቃው ደብዳቤውን ተቀብሎ አስገባ። «ሰኞ ና» ተባለ፤ ሰኞ «ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው»፤ በሚቀጥለው ሰኞ «ለዚህ በጀት የለንም»። በጀት የጠየቀ ሰው አልነበረም። ልጁ በመጨረሻ ልምምዱን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ጨረሰ። ያ ክለብ በዚያ የውድድር ዘመን ከማዕዘን ምት ስንት እንደተቆጠረበት አልጽፍም፤ ደጋፊዎቹ ያውቁታል።

እንዲህ ያለ ልጅ የሚቀመጥበት ወንበር በደንቡ ላይ የተጻፈ መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበው። ክለቦች የመወዳደር ፈቃድ የሚያገኙበት የክለብ ላይሰንሲንግ ደንብ አምስት መስፈርቶች አሉት፦ ስፖርታዊ፣ የመሠረተ ልማት፣ የሰው ኃይልና አስተዳደር፣ ሕጋዊ፣ የፋይናንስ። በሦስተኛው ሥር ክለቡ ሥራ አስኪያጅ፣ የፋይናንስ ኃላፊ፣ የሚዲያ ኃላፊ፣ የጸጥታ ኃላፊ፣ ሐኪም እንዲኖረው ይጠበቃል። በወረቀት ላይ ብዙዎቹ ክለቦቻችን አሟልተዋል። ወደ ቢሮው ስትገቡ ግን አንዱ ሰው ሁለትና ሦስት ማዕረግ ደርቦ ይገኛል። የሚዲያ ኃላፊ የተባለው የፌስቡክ ገጹን የሚያስተዳድር ደጋፊ ነው። ቡድን መሪው ትኬት ይቆርጣል፣ ሆቴል ይይዛል፣ ትጥቅ ይቆጥራል፣ ጊዜ ካገኘ ደንብ ያነባል። ወጌሻው እጁ የተባረከ ሊሆን ይችላል፤ ተጫዋቹ ከጉዳት መቼ እንደተመለሰ የሚያሳይ መዝገብ ግን የለውም፤ ስለዚህ ያው ጡንቻ በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ይበጠሳል።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘብ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ክለቦቻችን የሚሰሙት በዚህ በኩል ነውና። ፊፋ የመተጋገዝ ክፍያ የሚለው ሥርዓት አለው። አንድ ተጫዋች በክፍያ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር ከዝውውር ገንዘቡ 5 በመቶ ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ድረስ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላ ዋጋው 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ 0.5 በመቶ ነው። እንበልና ከ16 እስከ 19 ዓመቱ፣ አራት ዓመት፣ እናንተ ጋ የተጫወተ ልጅ በሌላ አገር ክለብ ለሌላ ክለብ በ1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ድርሻችሁ 2 በመቶ፣ 20 ሺህ ዶላር ነው። ልጁ ከእናንተ ከወጣ ስድስት ዓመት ቢሆነውም ይመጣል። እንደገና ቢሸጥ እንደገና ይመጣል።

ገንዘቡ የሚመጣው ግን ልጁ ያን ጊዜ እናንተ ጋ መመዝገቡ ከታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ ክፍያው የሚያልፈው ፓሪስ በሚገኘው የፊፋ ክሊሪንግ ሃውስ በኩል ነው፤ እሱም የሚያየው ፌዴሬሽኖች በኤሌክትሮኒክ የመዘገቡትን የተጫዋች ፓስፖርት ነው። «ይህን ልጅ እኛ ነን ያሳደግነው፣ ሰፈሩ ይመስክር» ብሎ ነገር የለም። አቡበከር ናስር ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ጋቶች ፓኖም ወደ ሩሲያው አንዢ ሲሄዱ አይተናል፤ ሌሎችም ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ልጅ ከመሄዱ በፊት በአሥራዎቹ ዕድሜ የተጫወተባቸው የታዳጊ ቡድኖች መዝገብ የት ነው ያለው? ስንቱ ደብተር ላይ፣ ስንቱ በአንድ አሠልጣኝ ስልክ ውስጥ ነው?

የእኛ መዝገብ ደግሞ በዘመን አቆጣጠራችን የተነሳ ከሌላው ይከብዳል። መስከረም 1 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ የልደት ቀኑ በፈረንጆቹ መስከረም 11 ቀን 2002 ነው፤ ጥር ላይ የተወለደው ግን 2003 ይሆናል። ልዩነቱ አንዴ 7፣ አንዴ 8 ዓመት ነው። በችኮላ ሁሉንም ሰባት የሚደምር ጸሐፊ ወይም ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ቀንና ወሩን እንዳለ የሚተው ሰው፣ ልጁን በሁለት ሰነድ ላይ ሁለት ዕድሜ ይሰጠዋል። ከዚያ የዕድሜ ማጭበርበር ክስ ሲመጣ ተንኮል ነው ብለን እንጮሃለን። ይህን አንድ የሠለጠነ ሰው በአንድ ክረምት ሊያስተካክለው ይችላል። የተጫዋቾች ምዝገባ በሚካሄድበት ክረምት ተማሪዎቻችንም ዕረፍት ላይ ናቸው።

ባለሙያ የጎደለው መዝገቡ ላይ ብቻ አይደለም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስንረታ «በሜዳችን» ነበርን። ሜዳችን ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበር። ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ ብሔራዊ ቡድኑ ባለሜዳ ሆኖ ሰው አገር ሲጫወት ቆይቷል። ይህ በአብዛኛው የሲሚንቶና የገንዘብ ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ተማሪ ልምምድ ስለወጣ ስታዲየም አይሠራም። ነገር ግን የመስፈርቱ ዝርዝር ውስጥ የመልበሻ ክፍል፣ የዶፒንግ ምርመራ ክፍል፣ የሚዲያ መቀመጫ፣ የመውጫ በሮች ስፋት፣ የአምቡላንስ መንገድ አለ። ይህን እያነበበ የትኛው ስታዲየም ምን እንደጎደለው በየወሩ የሚጽፍ ባለሙያ በስንቱ ከተማ አለ? የምሕንድስናና የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች በጋራ የመመረቂያ ጽሑፍ ቢሠሩበት ማን ይከለክላቸዋል?

የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ኃላፊዎች፣ እናንተ ከሁሉም የተሻለ ዕድል ይዛችኋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከመልቲቾይስ ጋር የአምስት ዓመት ውል ስትፈርሙ ከ22 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ስምምነት ነበር፤ ጨዋታዎቻችን በሱፐርስፖርት፣ ያውም በአማርኛ መታየት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ሊጉ የጨዋታ ምስል ክምችት አለው። ያ ምስል ለዩኒቨርሲቲዎች ቢሰጥ፣ ያለ አንዲት ሳንቲም ወጪ፣ በየዲፓርትመንቱ የጨዋታ ትንተና ላቦራቶሪ ይከፈታል። ተማሪው ሩጫ ይቆጥራል፣ ኳስ የጠፋባቸውን ቦታዎች ይለቅማል፣ ለክለቡ ይልካል። የሌላ አገር ሊግ እየተነተነ ከሚመረቅ የራሱን ይተንትን።

ሌላም ነገር አለ። ሊጉ ከኮሮና ወዲህ ክለቦቹን በተመረጡ ከተሞች እየሰበሰበ ሲጫወት መቆየቱ ለቀረጻ ተመችቷል፤ ክለቦቹ ግን ደጋፊያቸውን በገዛ ከተማቸው በር ላይ ቆመው መቀበል ተዉ። ቲኬት የሚሸጥ የለም፣ መግቢያ የሚያደራጅ የለም፣ ማሊያ የሚነግድ የለም። በ2016 ዓ.ም. ዋንጫውን ንግድ ባንክ፣ በ2017 ኢትዮጵያ መድን አነሱት፤ እንኳን ደስ ያላቸው። ግን ባንክና ኢንሹራንስ፣ ከተማ አስተዳደርና መከላከያ በጀት የሚቆርጡለት ክለብ ገቢ የሚያመጣ ሠራተኛ ፍለጋ አይወጣም። ደመወዝ ሳይከፈል ሲቀርና ተጫዋች ሲከስ ግን ገቢ የሚያመጣ ሰው አለመኖሩ ትዝ ይለናል። የገበያ ባለሙያ መቅጠር ወጪ የሚመስለው ገቢ ቆጥሮ ለማያውቅ ቤት ነው።

አሁን የምጠይቀውን ልጠይቅ።

ከፌዴሬሽኑ የምፈልገው ቀላል ነው። የላይሰንስ ማመልከቻ ስትመረምሩ የስም ዝርዝር ብቻ አትቀበሉ፤ ሰውዬውን አስጠሩት፣ ሥራውን ጠይቁት። አንድ ሰው ሁለት ወንበር ላይ ከተቀመጠ አንዱን ባዶ ቁጠሩ። ለአሠልጣኞች የሚሰጠውን የካፍ ላይሰንስም ተመልከቱት። ስፖርት ሳይንስ ተምሮ፣ የማሠልጠን ዘዴ ተፈትኖ፣ ዲግሪ የያዘ ልጅ ያለ ላይሰንስ ወንበር ላይ መቀመጥ አይችልም፤ ትክክል ነው። ግን ኮርሱ ሲዘጋጅ ቦታው በቀድሞ ተጫዋቾች ይሞላል፤ የእኛ ልጅ ተራ ሲጠብቅ ዓመታት ያልፋሉ። ዌልስ ውስጥ የሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ከአገሩ ፌዴሬሽን ጋር ተስማምቶ ተማሪዎቹ ዲግሪያቸውን እየተማሩ የዩኤፋ ላይሰንስ ደረጃዎችን እንዲይዙ ያደርጋል። እናንተም ዲ እና ሲ ላይሰንስን በአራተኛው ዓመት ካሪኩለም ውስጥ አስገቡልን። መምህሮቹን እናንተ ላኩ፣ ሜዳውንና ተማሪውን እኛ እናቀርባለን። የቀድሞ ተጫዋቾቹም ከተማሪዎቹ ጋር አንድ ክፍል ቢቀመጡ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

ከሊጉ የምጠይቀው በተሳትፎ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ እንድትጨምሩ ነው፦ እያንዳንዱ ክለብ በየውድድር ዘመኑ ቢያንስ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን፣ አንዱን በቴክኒክ፣ አንዱን በአስተዳደር፣ ይቀበል። ተማሪው ምን እንደሠራ በጽሑፍ ይመስክርለት። ክረምት ላይ የሚመጣው ምዝገባና ዝውውር ይማር፤ ከጥቅምት በኋላ የሚመጣው የጨዋታ ቀን ሥራ ይልመድ።

እኛ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ልምምድን ለክረምት ብቻ መመደብ እንተው፤ ያኔ ሊጉ ዕረፍት ላይ ስለሆነ ተማሪያችን ጨዋታ ሳያይ ይመለሳል። ስፖርት ሳይንስ ከሕግ፣ ከአካውንቲንግ፣ ከጋዜጠኝነትና ከስታቲስቲክስ ዲፓርትመንቶች ጋር አንድ ኮርስ በጋራ ይስጥ፤ ሰኞ የሕግ ተማሪው የፊፋን የዝውውር ደንብ ያብራራ፣ ረቡዕ የእኛው የጉዳት መዝገብ አያያዝ ያሳይ። መመረቂያ ጽሑፍ የምናማክር መምህራንም ርዕስ ስንሰጥ ከመደርደሪያ ላይ የማይወርድ መጠይቅ ከማስሞላት እንቆጠብ። የአንድን ክለብ የአምስት ዓመት የታዳጊ ምዝገባ ማስተካከል ለአንድ ዲግሪ የሚበቃ ሥራ ነው፤ ክለቡም ገንዘብ ያገኝበታል።

ለተማሪዎችም በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር፦ የተጫዋች ወኪል መሆን የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2023 ፊፋ እንደገና ያስጀመረውን ፈተና መፈተን አለበት። 20 ምርጫ ጥያቄዎች ናቸው፤ 75 በመቶ ማምጣት ይጠይቃል፤ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በስፓኒሽ ይሰጣል። ዲግሪ አይጠየቅም፤ ደንቡን ማንበብ ግን ይጠይቃል። ደንቡ በነጻ ይገኛል። የትብብር ደብዳቤ የማያስፈልገው አንድ በር ይህ ነው። በየዓመቱ በሰሜን አሜሪካ ውድድር የሚያዘጋጁት ወገኖቻችንም፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የእግር ኳስ ውድድርን ከበዓል ጋር አዋሕዶ የማዘጋጀት ልምድ ስላላቸው፣ ለክለቦቻችን የገበያና የዝግጅት ሰዎች በክረምት ቢያስተምሩ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እሱም ክፍያ ነው። በልምምድ ስም ወጣትን ዓመት ሙሉ በነጻ ማሠራት በሌላው ዓለምም የተለመደ ችግር ሆኗል፤ ከዚያ ተርፎ የሚቀረው ቤተሰቡ የሚያበላው ልጅ ብቻ ነው። ለአንድ ተጫዋች ከሚከፈለው የፊርማ ገንዘብ ትንሽ ቀንሶ ለሁለት ተማሪዎች የትራንስፖርትና የምሳ መስጠት የትኛውንም ክለብ አያደኸይም። በተሳትፎ ደንቡ ላይ የሚገባው አንቀጽ ይህንንም በብር ጠቅሶ ይጻፍ፤ «እንደ ክለቡ አቅም» የሚል ሐረግ ከገባበት ማንም አይከፍልም። የምዝገባው መስኮት ሐምሌ ላይ ከመከፈቱ በፊት መልሳችሁን እጠብቃለሁ። የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ስም ዝርዝር ከእነ ስልክ ቁጥራቸው አዘጋጅቼ ይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስፖርት ሳይንስ መምህር